ሁለት ጓጉንቸር ለአንድ የውሃ በር

ይድረስ ለታላቁ ወንዝ ደለል የጋራ አስተዳደር ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ፣
ባሉበት፤ በስብሰባ ላይ ካሉም ስብሰባው ባለበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ በጀልባ ማረፊያችን ላይ እንደተኛው ደለል ከቀን ወደ ቀን እየዳበረና እየደለበ እንዲሄድ፣ ማንም እንዳይነካዎት፣ ማንም እንዳያነቃንቅዎት፣ ዙሪያዎን ሣር በቅሎልዎት በሰላም እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ለኮሚሽኑ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ የሚጎድለን ነገር ቢኖር እንኳ ጭቃ አይደለም።

እኔ በዚህች የወንዝ ዳር ከተማ ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ፣ ቤቴም ከጀልባ ማረፊያው ፊት ለፊት የሆነ፣ በመስኮቴ በኩል የኮሚሽኑን ሥራ ከኮሚሽኑ ይበልጥ የማይ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ሰው “መርማሪው” ይለኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ባለቤቴ ናት፤ ወተት የሚያመጣልን ሰው ሳይቀር ዛሬ ለምን ቀደም ብሎ መጣ እያልኩ ስጠይቅ ስለምትሰማኝ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝና፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጥርጣሬ የሚመስል ነገር ቢያገኙ ከክፋት ሳይሆን ከልማድ የመጣ መሆኑን እንዲረዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉዳዬን በቀጥታ ለእርስዎ ማቅረብ ሲገባኝ በጋዜጣ በማውጣቴም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የሳጥኑ ነው። ኮሚሽኑ በመስክ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ የቅሬታ ሳጥን ሰቅሎልናል፤ አፉ ሰፊ፣ ጆሮ የሌለው፣ ጥሩ ሳጥን ነው። ነገር ግን የእኛ፣ ማለትም የላይኛው አገር ተወካይ ቅሬታችንን ለብቻው እንዳያነብ፣ የታችኛው አገር ተወካይም ለብቻው እንዳያነብ ተብሎ ሁለት ጓጉንቸር ተደርጎበታል፤ አንዱ ቁልፍ በእኛ፣ ሌላው በነሱ እጅ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ካልሆነ አይከፈትም። ከተሰቀለ ጀምሮ ጎን ለጎን የቆሙበት ቀን ስላልተገኘ አልተከፈተም። ዝናብ ሲዘንብ ውስጡ ያለው ወረቀት ይርስና ከሥሩ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ያንጠባጥባል፤ እስካሁን ከቅሬታችን ወደ ውጭ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅሬታ ማቅረቡን ትቼዋለሁ። ይልቁንም ኮሚሽኑ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን፣ እናንተ እንደምትወዱት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ከከተማችን ከፍ ብላ ያለችው ትንሿ ግድብ ከሥሯ የደለል ማስወጫ በር እንዳላት እርስዎም በሥዕል አይተውት ይሆናል። ኮሚሽኑ ከመቋቋሙ በፊት፣ ባልሠለጠንበት ዘመን ማለቴ ነው፣ ወንዙ መሙላት ሲጀምር የበሩ ጠባቂ መዘውሩን ይይዛል፣ ጀልባ ነጂዎችና የከተማው ሰው ሰንሰለቱን ይስቡለታል፣ በሩም እያቃሰተ ይነሳል። ውሃው በእኛ ዳር በኩል በኃይል ወርዶ ማረፊያውን ጠራርጎ፣ የዓመቱን ደለል ይዞ ወደ ታችኛው አገር ይሄዳል፤ እዚያ ያሉትም ለእርሻቸውና ለጡባቸው ይቀበሉታል። ይህን ሁሉ ያደረግነው ያለ ስምምነት፣ ያለ ባንዲራ፣ ያለ አስተርጓሚ ነበር። አሁን ሳስበው እንዴት እንዳላፈርን ይገርመኛል።

ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ተባበሩ። የታችኛው አገር ተወካዮች፣ እነዚህ ሰዎች እኛ ሳናውቅ በሩን ከፍተው ጭቃቸውን ይደፉብናል ብለው ሰጉ። የእኛዎቹ በበኩላቸው፣ እነዚያ ሰዎች በሩን ከፍተው ውሃችንን ይስቡብናል ብለው ሰጉ። ሁለቱም ስጋቶች በኮሚሽኑ ፊት እኩል ክብር አገኙና ሁለት ጓጉንቸር ሆነው በሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ጥቁሩ የእኛ፣ ነጩ የነሱ። የጥቁሩ ቁልፍ በእኛ ዋና ከተማ፣ የነጩ ቁልፍ በነሱ ዋና ከተማ በየመሳቢያው ተቀመጠ። እኔ በዕድሜዬ ሰው ከሌባ ሲጠነቀቅ በሩን ሲቆልፍ አይቻለሁ፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተጠነቃቅቀው ሦስተኛውን ሰው ሲቆልፉበት ያየሁት ግን በእናንተ ጊዜ ነው።

እውነት ለመናገር ቁልፎቹ አንድ ጊዜ በአንድ ቀን መጥተዋል። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ግድቡ ላይ ተደርድሮ ነበር። ሆኖም ጓጉንቸሮቹ የተንጠለጠሉት የሙላቱ ውሃ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ስለነበር፣ ሆዳቸው ደለል ጠጥቶና ደርቆ ቁልፍ አላስገባ አሉ። የደለል ሊቃውንት ተሰብስበው የሰቀሉት ጓጉንቸር በደለል መዘጋቱን ሳይ፣ ክቡር ሆይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደለሉ አዘንኩለት፤ ማንም እንዳልተጠነቀቀለት ገባኝ። ከሹፌሮቹ አንዱ ሮጦ የሞተር ዘይት አመጣ። ወዲያው ዘይቱ ከየትኛው አገር መኪና እንደተቀዳ ተጠየቀ፤ ከእኛው መኪና መሆኑ ሲታወቅ የታችኛው አገር ባለሙያ፣ ያልተመረመረ ዘይት በነጩ ጓጉንቸር ውስጥ አይገባም አሉ። የእኛው ባለሙያም፣ እንግዲያው በጥቁሩም አይገባም በማለት ለአገራቸው ክብር ቆሙ። ከዚያ ሁለቱ ቁልፋቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው ፎቶ ተነሱና ሄዱ። ፎቶውን በዓመታዊ መጽሔታችሁ ሽፋን ላይ አይቼዋለሁ፤ ሁሉም ይስቃሉ። እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥናቱ አመሰግናለሁ። የኮሚሽኑ ነጭ ጀልባ እየመጣች በጠርሙስ ውሃ ስትቀዳ ከመስኮቴ ሆኜ ብዙ ተምሬአለሁ። የእኛ ባለሙያ ጠርሙሳቸውን ከውሃው ፊት ላይ ብቻ ይቀዳሉ፤ ጥርት ያለ ይወጣላቸዋል፣ የላይኛው አገር ደለል እንደማይልክም በዚያ ይረጋገጣል። ከታች የመጡት ባለሙያ ደግሞ ጠርሙሳቸውን በገመድ እስከ ወለሉ ያወርዳሉ፤ ሾርባ የመሰለ ይወጣላቸዋል፣ የላይኛው አገር ተራራውን ሁሉ እየናደ እንደሚልክም በዚያ ይረጋገጣል። በዚህ የተነሳው ክርክር በሦስት ከተሞች ተወቅጦ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆኖ ሲቆይ፣ በመጨረሻ ከመሀል ይቀዳ ተብሎ ተፈረመ። የተፈረመው ወረቀት እስኪደርስ ግን በተመረጠው ቦታ ላይ መሀል የሚባል ነገር አልቀረም፤ ጀልባዋ ደለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ባለሙያዎቹም ጠርሙስ እንደያዙ ወርደው ቆሙ። የአንደኛው ጫማ እዚያው ተውጦ ቀርቷል። እስከ ዛሬ በጋራ ጥናት ሥር ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ደለሉ ደሴት ሆኖ ከማረፊያው ፊት ብቅ ባለ ጊዜ እኛ ተራ ሰዎች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን አካፋ ይዘን ወጣን። እዚያ ስንደርስ “የጋራ ጥናት ክልል፤ መንካት ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ ተተክሎ፣ አጠገቡም ጥበቃ ቆሞ አገኘን። ጥበቃው የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ፣ “መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው። ደለሉ ሳይነካ እንዴት እንደሚያድግ እየታየ ነው አሉኝ። እባክዎን ሥራዬን አያሳጡኝ” አለኝ። አካፋዎቻችንን በአደራ ተቀብሎ መጋዘን አስገባልን። በሩ የተዘጋው ደለል እንዳይሄድ ነው፤ አካፋው የተወሰደው ደለል እንዳይነካ ነው፤ ጥናቱም የሚጠይቀው ደለሉ ለምን በዛ ብሎ ነው። እኔ ተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣልኝ ሁሉንም አገኝ ነበር።

አራተኛውን በምስጋና መልክ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ ኩላሊቷን ታማለች። የኩላሊት እጥበት የሚሰጠው ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከመስኮታችን ይታያል። በሳምንት ሁለት ጊዜ መሻገር አለባት። በድልድዩ ዙራችሁ ሂዱ ብላችሁ እንዳትመክሩኝ፤ ድልድዩ ያለው ከሩቅ ነው፣ መንገዱም ጤነኛውን ሰው አልጋ ላይ የሚያስተኛ ነው፣ ከእጥበት የወጣች ሴት ደግሞ ቀና ብላ መቀመጥም ይከብዳታል። ያለን ጀልባው ነው። ጀልባው ደግሞ በናንተ ደሴት የተነሳ ማረፊያውን መንካት ካቆመ ቆየ። ከማረፊያው እስከ ጀልባው በጭቃው ላይ ጣውላ ተነጥፏል፤ በሽተኛውም፣ ሽማግሌውም፣ ልጅ ያዘለችውም በዚያ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ጀልባ ነጂው የገዛ እናቱን እንደሚደግፍ አድርጎ በክንዱ ይይዛታል፤ እሷ ግን ኩሩ ናት፣ ሰው ሲያያት ክንዱን ትለቃለች፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሁለት እጄን ዘርግቼ እከተላታለሁ።

በአንዱ የእጥበት ቀን ጀልባው ገና ከመነሳቱ ደለሉ ላይ ተቀመጠ። ቢገፉት፣ በመቅዘፊያ ቢታገሉት አልነቃነቅ አለ። ጥበቃው ከሰሌዳው ሥር ቆሞ ያየናል፤ አካፋ እንዲሰጠን ለመንነው፣ አለቃው ዘንድ ደወለ፣ አለቃው ሌላ ዘንድ ደወለ፣ ያኛው ደግሞ ጉዳዩ ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ነው አለ። ሆስፒታሉን በዓይናችን እያየን፣ በር ላይ ያሉትን ሰዎች ልብስ ቀለም እየለየን፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠን ዋልን። ተራዋ አለፈ። እግሯ አብጦ ጫማዋን አወለቀችው። እኔ ስንቆራጠጥ አይታኝ ፈገግ አለችና፣ “አይዞህ፣ እዚሁ ብሞትም የጋራ ጥናት ክልል ነው፤ ማንም አይነካኝም” አለችኝ። ጀልባው ላይ የነበረው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እስካሁንም አልሳቅኩም።

እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህንን በማዕረግም በቀልድም መሸፈን አልችልም። ሚስቴ በናንተ ጭቃ ላይ ተቀምጣ፣ ሆስፒታሉን እያየች እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማዶ ካለችው እህቷ ቤት ገባች። ሰፈርተኛው ጭቃ ያፋታቸው እያለ ይቀልድብናል። ጉልበቴ ደህና በሚሆንበት ቀን በጣውላው ተሻግሬ እጠይቃታለሁ፤ ሌላውን ቀን እሷ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ነኝ። ስልክ አለን፤ ነገር ግን በስልክ ደህና ነኝ ስትለኝ እጠረጥራታለሁ፣ እኔን ላለማስጨነቅ የማትለው ነገር የላትም። ስለዚህ አንድ ስምምነት አድርገናል፦ ጠዋት ስትነሳ ጤና ከተሰማት ሰማያዊ ሻርፕዋን የእህቷ ሰገነት ላይ ታሰጣለች፣ እኔም በጡረታዬ ቀን ትምህርት ቤቱ በሸለመኝ አቅርቦ ማያ መነጽር አየዋለሁ። ሻርፑ ሳይሰጣ የረፈደባቸው ቀናት አሉ። በነዚያ ቀናት ምን እንደምመስል ለእርስዎ መግለጽ አልፈልግም። ስምምነታችን ግን ይሠራል፤ ኮሚሽን ስላላቋቋምንለት ይመስለኛል።

አምስተኛ፦ ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ ስለ ወዳጅነቱ አመሰግናለሁ። የሁለቱ አገር ባለሙያዎች በስብሰባ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው፣ ሰላምታቸውን እንኳ በአስተርጓሚ እንደሚለዋወጡ ጥበቃው አጫውቶኛል። ከማረፊያው በላይ ያለችው የምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ፣ ሁለቱ ከስብሰባ ሲወጡ አንድ ጠረጴዛ ይዘው፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲያወሩ እንደሚያመሹ ትነግረኛለች። አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበር። ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥርጣሬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፦ ደለሉ የሄደ ቀን የኮሚሽኑ ነጭ መኪና የት ይሄዳል? ነጩ ጀልባስ? መጽሔቱስ? ደግሞስ በጭቃ አገር የሚሠራ መኪና እንዴት ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ ይኖራል? ጭቃው ለናንተ ችግር ሳይሆን ቀለብ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ቀለቡን በገዛ እጁ የሚደፋ ሰው ደግሞ እኔ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በስልክ ሳብራራላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “አንተ ሰው፣ እነሱ ይጠራጠራሉ፣ አንተም ትጠራጠራለህ፤ ጭቃው ግን ማንንም ሳይጠረጥር እያደገ ነው” አለችኝ። መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት።

እውነቷን መሆኑ ይበልጥ የገባኝ ደግሞ አንድ ጡብ ሠሪ የመጣ ዕለት ነው። አንድ ቀን ከታችኛው አገር የመጣ፣ ጠና ያለ፣ እጁ የሰነጣጠቀ ሰው ደሴቷ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ጭቃ በጣቶቹ እያሸ ሲያሸት ከመስኮቴ አየሁት። ሰላይ ነው አልኩ። መነጽሬን አነሳሁ፤ እንዲያውም የለበሰውን ልብስ ቀለም በቃሌ ያዝኩ። ወርጄ ማን ላከህ ብዬ ብጠይቀው ማንም አለመላኩን ነገረኝ። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ ጭቃ ነው። በየዓመቱ ወንዙ ሲሞላ ይመጣልን ነበር፣ ቀረብን። ምድጃችን ቀዝቅዞ ተቀምጧል። የላይኛው አገር ሰዎች ደበቁባችሁ አሉን። እስቲ የት እንደደበቃችሁት ልይ ብዬ መጣሁ” አለኝ። እኔም ለሱ፣ የታችኛው አገር ሰዎች ጭቃችሁን አንፈልግም ስላሉ ነው በሩ የተዘጋው ተብለን እንደነበር ነገርኩት። ሁለታችንም ዞረን ደሴቷን አየናት። እኛ እዚህ በጭቃ ታፍነን፣ እነሱ እዚያ ጭቃ ናፍቋቸው፣ መሀል ላይ እናንተ ሁለት ቁልፍ ይዛችሁ ቆማችኋል። ቤት አስገብቼ ሻይ አቀረብኩለት፤ ስለ ሰማያዊው ሻርፕ ነገርኩት፣ በመነጽሩም አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየና፣ “ተሰጥቷል” አለኝ። ስንለያይ እጄን አጥብቆ ጨበጠኝ። ለምን ይህን ያህል እንዳጠበቀው በወቅቱ መጠርጠር ነበረብኝ።

ስድስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ሙሉት።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንዙ መሙላት ጀምሯል፤ ይህ ሙላት ካለፈ በሩ ቢከፈትም ደለሉን የሚጠርግ ጉልበት የሚገኘው ለከርሞ ነው፤ ከርሞ ደግሞ ለሁሉም ሰው እኩል አይደርስም። ስለዚህ ሁለቱ ቁልፎች፣ ከተቻለም ካልተመረመረ ዘይት ጋር፣ በአንድ ቀን በአንድ መኪና እንዲመጡልኝ እማጸናለሁ። ፎቶ ማንሳት የምትፈልጉ ከሆነ ከተማው በሙሉ ይስቅላችኋል።

የኮሚሽኑን ረጅም ዕድሜ፣ ከተቻለ ከደለሉ ያነሰ ረጅም ዕድሜ፣ እየተመኘሁ፤ ለእርስዎ፣ ለተከበሩ ምክትሎችዎ፣ ለምክትሎችዎ ምክትሎች፣ ለዘይት መርማሪውና ለጫማው ባለቤት ያለኝን የማይናወጥ፣ የማይጠረግ፣ በጋራ ጥናት ሥር ያለ አክብሮቴን በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
ከጀልባ ማረፊያው ፊት ለፊት፣ የጡረታ መምህሩ (“መርማሪው”)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ወደ ጋዜጣው ሳልልከው ጥቂት ነገር ተለውጧልና በትሕትና ላሳውቅዎ። ኮሚሽኑ የተመሠረተበትን ዓመታዊ በዓል ከከተማው ርቆ ባለ ሆቴል ባከበረ ዕለት፣ ጥበቃው ሳይቀር ለኅብረት ፎቶው ተጠርቶ ስለሄደ ደሴቷም ግድቡም ጋ ማንም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ ከታች በኩል የጡብ ሠሪዎች ጀልባዎች መጡ፣ ከማረፊያው በኩልም የከተማው ሰው ወደ ግድቡ ወጣ ይባላል። እንደሰማሁት ከሆነ ጥቁሩን ጓጉንቸር በመጋዝ የቆረጡት የታችኛው አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ ነጩን የቆረጡት የእኛ ጀልባ ነጂዎች ናቸው፤ ማንም የገዛ መንግሥቱን ንብረት ላለመድፈር ተጠንቅቋል። በአደራ የነበሩት አካፋዎችም በራሳቸው እግር ከመጋዘን ወጥተዋል። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ ሰንሰለት መሳብ አልችልም፤ መዳፌ ላይ ያለው ዝገት ከየት እንደመጣ ራሴን እየጠረጠርኩ ነው።

ውሃው ማረፊያውን ጠርጎታል። የባለሙያው ጫማ ከደለሉ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሄዷል። ትናንት ጀልባው ጣውላ ሳያስፈልገው ማረፊያውን ነካ፤ ባለቤቴ ሰማያዊ ሻርፕዋን አድርጋ፣ የማንንም ክንድ ሳትይዝ፣ ጫማዋ ሳይረጥብ ወረደች። እጄን ገልብጣ አየችና፣ “ማንን ጠርጥረህ ነው እንዲህ የቆሸሽከው?” አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩ።

ስለ ሁለቱ ጓጉንቸሮች አይጨነቁ፤ አልጠፉም። የመንግሥታት ንብረት መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ ሁለቱም በአፉ በኩል የቅሬታ ሳጥናችሁ ውስጥ ተጨምረዋል። ለማውጣት ግን፣ ደንቡን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፣ ሁለታችሁም ቁልፋችሁን ይዛችሁ በአንድ ቀን ጎን ለጎን መቆም ይኖርባችኋል።